ዲፕሎማውን ያቃጠሉት ግንበኛ

የጋሽ ተድላን ሞት የነገረኝ አብሯቸው ይሠራ የነበረ ግንበኛ ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ፣ «ጋሽ ተድላ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ያለቅሳል። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ብስጭት ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብዬ ለምኛቸው «ሳል ነው፣ ያልፋል» ብለው ከደጃፋቸው መልሰውኛል። ሳል ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ የነገርኳቸውን አንዱንም ሰምተው አያውቁም።

ቀብሩ ላይ ደግሞ ባሰብኝ። የቀራኒዮ መድኃኔዓለም ግቢ በሰው ተሞልቷል። ግማሹ ኮልፌ ቤቱን የሠሩለት እሳቸው ናቸው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሙያውን የተማረው ከእሳቸው ነው። የዕድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነብ «በግንበኝነት ሙያቸው የታወቁ፣ ሰው አክባሪ፣ ታማኝ» ብሎ በአራት መስመር ጨረሰው። ከጎኔ የቆመ አንድ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ፣ «ማንበብና መጻፍ ይችሉ ነበር እንዴ?» አለው። ጓደኛው «እንጃ» አለ።

መጮኽ አማረኝ። እኚህ ሰው ፓሪስ ከተማ፣ የአገሩ ልጆች ራሳቸው ለመግባት ከሚጋደሉበት የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት፣ ስድስት ዓመት ተምረው በማዕረግ የተመረቁ ናቸው ብዬ። አልጮኽኩም። በሕይወት ቢኖሩ ይቆጡኝ ነበር። ሞተውም አፌን ያዙኝ።

በዚያ ዘመን እኔ ምን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ጣሊያን ሲገባ ሃያ ዓመቴ ነው። ከተማው ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተምሬ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አውሮፓ ከሚላኩት ልጆች መካከል ስሜ ገብቶ ነበር። ሱፍ ልብስ ተሰፍቶልኛል። እናቴ ለመንገድ የሚሆን በሶ አስፈጭታልኛለች። ልሄድ ወራት ሲቀሩኝ ጦርነቱ መጣ። በሶውን በላነው፤ ሱፉ ሳጥን ውስጥ ቀረ፤ እኔም ኮልፌ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ግንድ ፈላጭ ሆኜ ቀረሁ።

አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በባሕር ዛፍ ንግድ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጣሊያን ለመንገዱም ለድልድዩም ግንድ ይፈልግ ስለነበር ሥራው አልቆመም። በየካቲት ወር ከተማው በደም ከታጠበ በኋላ ግን የእኛም ቤት ሰላም አጣ። የተማረ ሰው ይታደን ጀመር። ውጭ አገር የተማረ ከሆነማ ጥያቄም የለ፤ ወስደው ይረሽኑታል። አባቴ ደብተሮቼንና የፈረንሳይኛ መጽሐፎቼን ሰብስቦ አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። እያለቀስኩ ቆሜ አየሁ።

ጋሽ ተድላ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ ገና የሬሳው ሽታ ከከተማው ሳይጠፋ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ቡትቶ ለብሰው፣ የማገዶ ሸክም ተሸክመው በግቢያችን በር ገቡ። ሸክሙ ወደ ግራ ሲጎትታቸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲጎትታቸው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ብዙም አይዘል። አባታቸው የአባቴ የድሮ ደንበኛ ነበሩና መጠጊያ ሲያጡ ወደ እኛ መጡ።

አባቴ እናቴንና እኔን ጓዳ አስገብቶ፣ «ይኸ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የአክስቴ ልጅ ነው። ከአገር ቤት ሥራ ፍለጋ መጣ በሉ» አለን። ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ ጆሮዬን ይዞ፣ «ፓሪስ የተማረ መሐንዲስ ነው። ከአፍህ ብትወጣ ሁላችንም እናልቃለን» አለኝ።

ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ሰው እያለቀ እኔ ደስ አለኝ። አልሜ የቀረሁበት ትምህርት ቤት በእግሩ ሄዶ ቤቴ የገባ መሰለኝ። የተሰጣቸው ዕቃ ቤት ውስጥ ውሃ ይዤ ገባሁና ገና እግራቸውን ሳይታጠቡ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ዲፕሎማዎን ይዘውታል?»

«ምኔን?»

«ዲፕሎማዎን። የተመረቁበትን ወረቀት። አንድ ጊዜ ባየው ብዬ ነው።»

«አቃጠልኩት።»

«አቃጠሉት?»

«ጥሩ ወረቀት ነበር» አሉ። «ቶሎ አልነድ ብሎ አስቸገረኝ።»

ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። የመጀመሪያ ቀን ትውውቃችን ይኸው ነው።

ጋሽ ተድላ ግንድ መፍለጥ አልቻሉም። ስንፍና አልነበረም። መጥረቢያውን ያነሱና ግንዱን ያዩታል። ዞረው ከጎን ያዩታል። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ይዳስሱታል። በዚህ መሃል አባቴ ሦስት ግንድ ፈልጦ ይጨርሳል። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ፣ «አንተ ልጅ፣ ልታጨው ነው ወይስ ልትፈልጠው?» አላቸው። መሸጥም አልቻሉም። ለቤቱ ምሰሶ የሚሆን ግንድ ሊገዛ የመጣን ሰው «ይኸኛው ውስጡ ነቅዟል፣ አይሸከምልህም» ብለው ባዶ እጁን መለሱት። አባቴ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እውነት እኮ ነው» አሉት ጋሽ ተድላ። «እውነት መሆኑን መች አጣሁት!» አለ አባቴ።

በመጨረሻ ለጎረቤታችን ለአያ ደስታ ሰጣቸው። አያ ደስታ ፊደል ያልቆጠረ፣ ግን በዚያ ሰፈር የሚወዳደረው የሌለ ግንበኛ ነበር። ማን እንደሆኑ አያውቅም። የአባቴ የአክስት ልጅ፣ ትንሽ ነገር የሚያንሰው ሰው አድርጎ ነው የተቀበላቸው። ድንጋይ ተሸካሚ አደረጋቸው።

እዚያ ነፍስ ዘሩ። ትከሻቸው እየተላጠ፣ እጃቸው እየደማ፣ ማታ ሲመለሱ ፊታቸው ይበራል። አያ ደስታ ድንጋይ ከመጥረቡ በፊት በመዶሻ ቀስ አድርጎ መትቶ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ውስጡ የተሰነጠቀውን በድምፁ ያውቀዋል። ጋሽ ተድላ ይህን ሲማሩ እንደ ሕፃን ፈነጠዙ። «ይህን ፓሪስ አላስተማሩኝም!» አሉኝ በጆሮዬ። እኔ ስለ ፓሪስ አንድ ነገር እንዲነግሩኝ ወራት ስለምናቸው፣ የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ፓሪስ ያላስተማራቸውን ነው!

ከዚያ ወዲህ የማይለቃቸው ልማድ መጣ። ሰው ቤት ሲገቡ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ አውራ ጣታቸውን በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ይስባሉ። እናቴ «ይኸ ሰው ምን ቆሻሻ አየብኝ?» እያለች ትሳቀቅ ነበር። ግንብ ባዩ ቁጥርም የሚሏት አንዲት ነገር አለች፤ «ለውሃ መውጫ ስጡት። ካልሰጣችሁት ራሱ ያበጃል።»

እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር። ጦርነቱ አንድ ቀን ያበቃል፤ ያኔ ተዘጋጅቼ ልገኝ። ከፍተኛ ሒሳብ ያስተምሩኝ፤ ፈረንሳይኛዬ እንዳይዝግ ያናግሩኝ። ቀን ከሌት ለመንኳቸው። ፈረንሳይኛውን «ግድግዳ ጆሮ አለው» ብለው ከለከሉኝ። ስለ ሒሳቡ ደግሞ «ነገ ከእኔ ጋር ና» አሉኝ። በደስታ ሄድኩ። ድንጋይ አሸከሙኝ። አንድ ቀን ይሆናል ብዬ ተሸከምኩ። ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ።

«ጋሼ፣ ሒሳቡስ?» ስላቸው፣

«ያ የተሸከምከው ድንጋይ ምን ያህል ይከብዳል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ!»

«በል ገና ነህ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከግንቡ ጥግ ቁጭ ብለን ቆሎ ስንበላ አላስችል አለኝ።

«ለመሆኑ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ተማሩ?»

አሰቡ። ቆሎውን አላምጠው እስኪጨርሱ ድረስ አሰቡ።

«አላውቅም ማለትን» አሉ። «ስድስት ዓመት ለዚህ ብዙ ነው። እኔ ደንቆሮ ስለነበርኩ ነው የፈጀብኝ።»

«እንዲህ ድንጋይ ለመሸከም ከሆነ ታዲያ ለምን ሄዱ? አያ ደስታ ሀ ሁ ሳይል ከእርስዎ የተሻለ ይገነባል!»

«እውነትህን ነው» አሉ።

እንዲህ ነበሩ። ተከራክረው ቢያሸንፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ድልድዩ የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ ከኮልፌ በታች ያለውን ወንዝ መሻገር ነበረባቸው። አያ ደስታ ከነሠራተኞቹ ተቀጠረ፤ ማለትም ሥራ ተባለና ሄደ፤ እምቢ ማለት አይቻልም። ጋሽ ተድላ ግንበኛ ሆነው፣ እኔ የኖራና የአሸዋ ቡኮውን፣ ማልታውን፣ አቀባይ ሆኜ ገባን። የወንዙ ዳር ገደል ስለነበር አፈሩ እንዳይናድ ረጅም የድጋፍ ግንብ ቆመ። ከግንቡ ሥር ደግሞ ለድልድዩ መሠረት ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ሁሉም ጥድፊያ ላይ ነው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር መሙላት ሲገባቸው ጭቃውን መልሰው ጠቀጠቁት። የውሃ መውጫ ቀዳዳ አንድም አልተተወለትም።

ጋሽ ተድላ ለሠራተኞቹ አለቃ፣ ለካቦው፣ ነገሩት። ካቦው ያገራችን ሰው ነው፤ ጣሊያኑን ከማስደሰት ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። በጥፊ አጮላቸው። ጉንጫቸውን እያሹ መጥተው ድንጋይ መደርደር ቀጠሉ። በማግስቱ ደግመው ነገሩት። ደግሞ መታቸው። በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አደረ። ጠዋት ስንደርስ በግንቡ መጋጠሚያዎች መካከል ውሃ እንደ ላብ ይወርዳል። ጋሽ ተድላ አውራ ጣታቸውን ሳቡበት። ግንቡ ከመሃሉ ትንሽ ሆዱን ነፍቷል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አልኳቸው። ዓይናቸውን አይቼ ገብቶኛል።

«ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ሠላሳ ይሆናሉ። ጋሼ፣ በመድኃኔዓለም!»

«እንግዲህ» አሉ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው በቀጥታ ወደ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሄዱ። ካቦው ሊይዛቸው ሮጠ፤ አልደረሰባቸውም።

ከዚያ በፈረንሳይኛ ተናገሩ። እኔ ማልታ ተሸክሜ እንደቆምኩ ሰማሁ። መምህሮቼ እንኳ እንደዚያ አይናገሩትም። ጥርት ያለ፣ የተረጋጋ፣ ያለማቋረጥ የሚፈስ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተንበርክኬ የለመንኩትን ለእኔ አንዲት ቃል ነፍገው ለጣሊያን ሰጡት! ፍርሃቴን የረሳሁት በንዴት ነው። ጎንበስ ብለው በእንጨት ጭቃው ላይ ግንቡን ሣሉ፣ የጭቃውን ክብደት ሣሉ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚገፋ ሣሉ። ጣሊያናዊው ወጣት ነበር። ፈረንሳይኛ ይችላል። ሥዕሉን አየ፤ ግንቡን አየ፤ እሳቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ ጉድጓዱ እየጮኸ ሠራተኛውን ሁሉ አስወጣ።

ግንቡ የወደቀው ከምሳ በኋላ ነው። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር። ብዙ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ ወደፊት ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞላው። ቆፋሪዎቹ ዳር ቆመው አፋቸውን ይዘው አዩ። አንደኛው አማተበና «መድኃኔዓለም አወጣን» አለ። ጋሽ ተድላን ያመሰገነ አንድም ሰው የለም። ማን መሆናቸውን የሚያውቅ የለማ!

በማግስቱ ዓርብ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ራሱ ግቢያችን መጣ። ፊቱ ክፉ አልነበረም። «ከእኔ ጋር ሥራ» አላቸው በፈረንሳይኛ። «ደመወዝ፣ ቤት፣ የይለፍ ወረቀት አሰጥሃለሁ። ያለፈውን አልጠይቅም። ለበላዮቼ ግን ሳልናገር መቆየት የምችለው እስከ ሰኞ ነው።»

ጋሽ ተድላም ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ ተሳስተዋል፤ እኔ ተራ ግንበኛ ነኝ» አሉት። በፈረንሳይኛ! በዚያ በሚያምር ፈረንሳይኛ! ጣሊያኑ እንኳ ሳቀ።

ቅዳሜና እሑድን ስንጨቃጨቅ ዋልን። አባቴ፣ «እሺ በለው፤ አለዚያም ጥፋ። ግንድ የሚያመጡልኝ ሰዎች ወደ አርበኞቹ የሚወስደውን መንገድ ያውቁታል፤ ዛሬውኑ ያሻግሩሃል» አላቸው።

«እኔ ብጠፋ ሰኞ የሚይዙት ማንን ነው?» አሉ ጋሽ ተድላ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አልተውኳቸውም።

«እንግዲያው እሺ ይበሉት! ሥራዎ መገንባት አይደል? የተማሩት ለዚህ አይደል?»

«ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የእኛ ናቸው» አሉ። «ድልድዩ ግን የእነሱ ነው። በዚያ ላይ ምን እንደሚሻገር አንተም ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። በካሚዮን የተጫነ ወታደር ነው የሚሻገርበት፣ የገዛ ወገናችንን ሊገድል። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ዲፕሎማ ምን ጠቀመዎት? ለምን ደከሙ?»

ያን ጊዜ ተቆጡ። ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሰማኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ክፍሌ! ዲፕሎማ ዲፕሎማ አትበለኝ! ግንቡ እንደሚወድቅ ያወቅኩት በምን ይመስልሃል? በጸሎት?»

ሰኞ ጠዋት ካራቢኜሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጡ። ከጋሽ ተድላ ጋር አባቴንም ወሰዱት። አባቴ ሁለት ሳምንት ታስሮ፣ የፊት ጥርሱን አውልቀው ለቀቁት። ጋሽ ተድላን ግን ከሌሎች እስረኞች ጋር በመርከብ ጭነው ጣሊያን አገር ካለ ደሴት ወሰዷቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሲወቅሳቸው አልሰማሁም። ድዱን እየዳበሰ፣ «ያ ልጅ አንድ ግንድ እንኳ ሳይፈልጥ ሄደ» ይል ነበር፤ ይኸው ነው። የምወቅሳቸው እኔ ነበርኩ። የካቦው ጥፊ አልበቃ ብሏቸው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ እያልኩ፣ ስለ አባቴ ጥርስም፣ ስለ እኔ ሒሳብም እወቅሳቸው ነበር።

ጣሊያን ከአገራችን ወጥቶ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ደሴቱም ነፃ ሲወጣ ተመለሱ። ከስተው፣ አንድ ጆሯቸው ደንቁሮ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ። እኔ ያን ጊዜ መንገድና ድልድይ በሚያሠራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ድልድዩ ሁሉ ፈራርሷል፤ መሐንዲስ የሚባል ሰው በመብራት ይፈለጋል። እኔ ጎትቼ ወሰድኳቸው። የራሴን ኮት አለበስኳቸው። አለቃዬ በክብር ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው።

«ዲፕሎማዎን ይዘዋል?»

«የለኝም። በየካቲቱ ጊዜ አቃጠልኩት።»

አለቃዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በዚያ ሰሞን ሁሉም «ነበረኝ፣ ጠላት አቃጠለብኝ» እያለ ይመጣባቸው ነበር። ቢሆንም ሊረዷቸው ፈለጉ።

«አብሮዎት የተማረ፣ የሚመሰክርልዎ ሰው ይኖራል?»

«ነበሩ» አሉ ጋሽ ተድላ።

«የት ይገኛሉ?»

«ሞተዋል። ሁሉም።»

እኔ ቆሜ እንዲናገሩ በዓይኔ ለመንኳቸው። ስለ ግንቡ ይንገሯቸው፤ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ድልድይ ይንደፉላቸው፤ ምንም ይበሉ! ጋሽ ተድላ ተነሡና፣ «ልክ ነዎት። ማንም መጥቶ መሐንዲስ ነኝ ስላለ ድልድይ አይሰጠውም። ሰው ይፈጃል» ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። «ለአለቃዬ ያግዛሉ እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። መንገደኛው ዞሮ አየን። «ወደ ፈረንሳይ እንጻፍ!»

«እዚያም ጦርነት ነው» አሉኝና ኮቴን አውልቀው መለሱልኝ።

አያ ደስታ ሞቶ ስለነበር ሥራውን እሳቸው ያዙት። አገቡ። ኮልፌ ላይ ቤት መሥራት፣ ልጆችን ግንበኝነት ማስተማር ቀጠሉ። ዓመታት አለፉ፤ የአውሮፓው ጦርነትም አበቃ። በመጨረሻ የእኔ ተራ ደረሰና ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር እንድሄድ ተመረጥኩ። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። ልሰናበታቸው ስሄድ ግንብ ላይ ነበሩ። አልወረዱም።

«ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» አልኳቸው። ከልቤ ነበር የጠየቅኩት። ያ ሁሉ የደረሰባቸው በዓይኔ ፊት ነው።

«ሂድ እንጂ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ተስፋ ሲያስቆርጡኝ የኖሩት ምን ሊሆኑ ነው?»

ከላይ ሆነው ወደ ታች አዩኝ። «አንድም ቀን አትሂድ ብዬህ አላውቅም። አንተ የምትጠይቀኝ ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ነበር።» ከዚያ ገመዳቸውን እየወጠሩ፣ «ያቺን ጠጠር አቀብለኝና ሂድ» አሉ።

አቀበልኩና ሄድኩ።

እንግሊዝ አገር እያለሁ አንድ የዕረፍት ጊዜ ወደ ፓሪስ ተሻገርኩ። ትምህርት ቤታቸውን ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም ነበርና በአካል ስቆም የመዝገብ ቤቷ አሮጊት በነገሩ ግራ ገባት። ትልቅ መዝገብ አውጥታ ብዙ ገለጠች። በመጨረሻ ጣቷን አሳረፈች። «ተድላ» አለች ስሙን እንደምንም እየጎተተች። ከትይዩው ያለውን ማዕረግ አነበብኩት። ከክፍሉ ሁለተኛ ነበሩ። ይህንንም ነግረውኝ አያውቁም!

ትክክለኛ ግልባጭ፣ ማኅተም ያለበት፣ ፊርማ ያለበት፣ ወራት ፈጅቶ በፖስታ ደረሰልኝ። እኔም ተመርቄ አገሬ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ዲፕሎማ ነበረ። የራሴን ገና ለማንም ሳላሳይ፣ ሻንጣዬን እቤት ጥዬ የእሳቸውን ፖስታ ብቻ ይዤ ወደ ግቢያቸው ገሠገሥኩ። በልቤ የምላቸውን አዘጋጅቻለሁ። አሁን ምን ሰበብ ያገኛሉ? መሥሪያ ቤቱም አለ፤ እኔም እዚያ ሰው ነኝ፤ ወረቀቱም ይኸው።

ግቢያቸው ውስጥ ማልታ ሲያቦኩ አገኘኋቸው። ፖስታውን ዘረጋሁላቸው። «ምንድን ነው?» አሉ። «ይክፈቱት» አልኩ። እጃቸው እንደቆሸሸ ከፈቱት።

እንደ ልማዳቸው አንድ ነገር ብለው የሚያናድዱኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ እንደ ሕፃን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጣታቸው የምረቃው ቀን ላይ ደርሶ ቆመ።

«በዚህ ቀን አራት ነበርን» አሉ። «አራት ያገር ልጆች። አንድ ዶሮ ገዝተን፣ ወጥ ለመሥራት ሞክረን፣ አሳረርነው። በየካቲት ጣሊያኖች ሦስቱን ሊፈትሿቸው ሲገቡ ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኙት። ይህን ስሰማ ነው የእኔን ያቃጠልኩት።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። እኔ ፊት ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። ባለቤታቸው ከቤት ብቅ ብለው አይተው ደንግጠው ተመለሱ።

«ስድስት ዓመት ነው እኮ፣ ክፍሌ» አሉኝ። «እንዴት ደክሜ እንደነበር አታውቅም። በብርድ፣ በረኃብ። እናቴ በመሃሉ ሞተች፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ሲነድ ቆሜ አየሁት።»

እኔም አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ንቀውት የነበረ መስሎኝ ነው የተናደድኩባቸው። ስንረጋጋ ዓይኔን ጠርጌ፣ «ይስጡኝ፤ አሁኑኑ መሥሪያ ቤት ወስጄ አስመዘግበዋለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ጋሽ ተድላ ወረቀቱን በሁለት የማልታ እጃቸው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙት።

«ነገ» አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ፤ «ነገ» አሉኝ። በሳምንቱ ሄድኩ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ አለቃዬን ራሳቸውን ይዤ ሄድኩ። ያን ወረቀት እስኪሞቱ ድረስ ከእጃቸው ለአንድ ሰዓት እንኳ ማንም ሊወስደው አልቻለም።